በቤሌ ዙሪያ የምርጫ ክልል ወሰን፦ ከአውራጃ እስከ ወረዳ

ቤሌ በወላይታ ዞን የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሶዶ ተነስቶ ወደ ዳውሮ የሚወስደው መንገድ ኦሞን ከመሻገሩ በፊት የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። አካባቢው የሦስት የቀድሞ ጠቅላይ ግዛቶች መገናኛ ነበር፤ ወላይታ በሲዳሞ ሥር ስትሆን ከኦሞ ማዶ ያለው ኩሎ ኮንታ የከፋ፣ በደቡብ የምትዋሰነው ቁጫ ደግሞ የገሙ ጎፋ ነበረች። ስለዚህ በዚህ ጥግ የምርጫ ክልል ወሰን ሲሠመር አንድ ቀበሌ ከሌላው የሚለይበት ብቻ ሳይሆን ጠቅላይ ግዛት ከጠቅላይ ግዛት የሚለይበትም መስመር ነበር።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ቢያቋቁምም የምርጫ ክልል የሚባል ነገር አልነበረውም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል። መራጩ ሹም በሆነበት ሥርዓት የሚቆጠር ሕዝብ ስለሌለ የሚሠመር መስመርም አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዘውዱ የብር ኢዮቤልዩ ያወጁት ይህ ሕግ መላው አገር በተቻለ መጠን 200,000 ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ ደነገገ። ከ30,000 ሕዝብ በላይ ያለው ከተማ ለብቻው አንድ እንደራሴ ይኖረዋል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 50,000 ሕዝብም አንድ ይታከልለታል። አንድ ክልል ሁለት ሰው መላኩ ዛሬ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን አውራጃን ሳይሰባብሩ ሕዝቡን ለመወከል አመቺ ነበር። እንደ ወላይታ ያለ ሕዝብ የበዛበት አውራጃ የነበረውን የአስተዳደር ወሰን ይዞ ወደ ምርጫው ይገባል ማለት ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በመስከረም 1950 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ለ210 ወንበሮች። የወንበሩ ቁጥር ኋላ ወደ 250 አድጎ ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየተደገመ እስከ 1965 ዓ.ም. ዘለቀ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልተፈቀደም፤ ዕጩ የሚቀርበው በግሉ ነበር።

ያኔ ወሰኑ ክብደት ያገኘው ከመራጩ ይልቅ በዕጩው ላይ ነበር። ሕጉ ዕጩው በሚወዳደርበት ክልል ነዋሪ ከመሆኑም በላይ በዚያው ክልል ውስጥ ንብረት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚያወጣ። ከኦሞ ማዶ ሰፊ መሬት ያለው ሰው ቤሌ ላይ ሊወዳደር አይችልም፤ መሬቱ በሌላ ክልል ይቆጠራልና። በአንጻሩ ከክልሉ ርቆ የኖረ ባለ ርስት መኖሪያውን ወደ ክልሉ ካዞረ በመሬቱ በኩል ያለው መንገድ ክፍት ነው። ከምኒልክ ዘመቻ ወዲህ፣ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ከተሸነፈበት ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በወላይታ መሬት በብዛት በባለ ርስትና በመልከኛ እጅ ገብቶ ስለነበር ይህ መስፈርት ለአብዛኛው ገበሬ የእንደራሴነትን በር ዘግቶበታል። መምረጥ ግን 21 ዓመት የሞላው የአገሬው ተወላጅ መብት ነበር። መስመሩ የመራጩን ሳይሆን የተመራጩን ስፋት ወሰነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን በወላይታ ውስጥ ሕዝቡ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ደጋው በሰው ብዛት ተጨናንቆ ቆላው ባዶ ሆኖ ይታይ ስለነበር፣ በደጃዝማች ወልደ ሰማዕት ገብረ ወልድ የአውራጃ ገዥነት ዘመን የተጀመረውን የሰፈራ ሥራ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአሕጽሮቱ ዋዱ፣ ተከተለው። ዋዱ ሰፋሪዎችን ካሰፈረባቸው ቆላዎች ሁለቱ አበላና ቤሌ ናቸው። የሰፋሪው መምጣት የምርጫ ወሰን አላስለወጠም። ወሰኑ ሳይነካ በወሰኑ ውስጥ ያለው ሰው ብቻ ጨመረ፤ ይህም ከዚያ በኋላ ለቤሌ ደጋግሞ የሚመጣ ታሪክ ሆነ።

ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲበተን የንጉሡ ዘመን የምርጫ ክልል አብሮ አበቃ። ለሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ዓመታት ብሔራዊ ምርጫ ስላልነበረ የሚወራለት የምርጫ ወሰንም አልነበረም። ሆኖም ለዛሬው ካርታ ትልቁ ሥራ የተሠራው በዚሁ ምርጫ አልባ ዘመን ነው፤ የሠሩትም የምርጫ ባለሙያዎች አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬቱን የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ፣ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ስፋት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ አዘዘ። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎችና የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ሠራተኞች ወንዙን፣ ጋራውንና መንገዱን እየተከተሉ ማኅበሩን ከማኅበር ለዩ። የገጠር ቀበሌ ከእነዚህ ማኅበራት የወረደ ነው። ምርጫ ጣቢያም የሚቋቋመው በቀበሌ ውስጥ ስለሆነ፣ የምርጫ ክልል በመሠረቱ የቀበሌዎች ድምር ነው። ስለዚህ በኪንዶ ኮይሻ አንድ መራጭ በየትኛው መስመር ውስጥ እንደሚወድቅ መጀመሪያ የወሰነው ለእርሻ ተብሎ የተለካ መሬት ነው።

በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት ጥር 24 ቀን በሕዝበ ውሳኔ ከጸደቀ በኋላ፣ ሰኔ 7 ቀን ለ835 የብሔራዊ ሸንጎ ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ክልሉ በአንድ ጊዜ ጠበበ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአገሩ ሕዝብ ወደ 42.6 ሚሊዮን ስለነበር ለአንድ ወንበር የሚደርሰው 51 ሺህ ያህል ሰው ነው፤ በንጉሡ ዘመን ለአንድ እንደራሴ ከሚደርሰው ግማሽ ማለት ነው። ዕጩ የሚያቀርቡት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ)፣ ሕዝባዊ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። የንብረቱ መስፈርት ወደቀ፤ በቦታው የድርጅት ይሁንታ ገባ።

የዚህ ምርጫ ካርታ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ገና ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ፣ በ1980 ዓ.ም. መባቻ፣ አዲሱ ሸንጎ የአገሪቱን የአስተዳደር አከላለል አፍርሶ አምስት ራስ ገዝና 24 የአስተዳደር አካባቢዎችን አቋቋመ። ወላይታ ከሲዳሞ ወጥታ ማዕከሉ አርባ ምንጭ ወደሆነው ሰሜን ኦሞ ተዛወረች። ሰኔ ላይ ከሲዳሞ የተመረጠ ተወካይ መስከረም ላይ የሰሜን ኦሞ ሰው ሆኖ ተገኘ። የኦሞ ወንዝ ያን ጊዜ ጠባዩን ለወጠ፤ ጠቅላይ ግዛት መለያነቱ ቀርቶ የአንድ አስተዳደር አካባቢ የውስጥ ወንዝ ሆነ። ማዶ ያሉት ዳውሮና ኮንታ፣ ከጎን ያለችው ቁጫና ወላይታ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሽግግሩ ተወካዮች ምክር ቤት 87 ወንበሮች በድርጅቶች የተከፋፈሉ ስለነበሩ የምርጫ ክልል አያስፈልግም ነበር። አሁን የሚታወቀው ካርታ የተወለደው ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ነው፤ ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ለ547 ወንበሮች። የምርጫ ሕጉ ወረዳን መሠረት አድርጎ በ100,000 ሕዝብ አንድ ክልል እንዲሠመር አዘዘ። ያኔ ኪንዶ ኮይሻ አንድ ሰፊ ወረዳ ነበረች፤ በኋላ ኪንዶ ዲዳዬ የተባለውን ጭምር የያዘች። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም መስመሩ ከተሠመረ በኋላ። ካርታው የወጣው ከአሥር ዓመት በፊት በተደረገ ቆጠራና በግምት ነበር። ግምቱ መጥፎ አልነበረም፤ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለ547 ሲካፈል 98 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግም ክልሎቹ እነዚሁ ነበሩ። የደቡብ ክልል ድርሻ 123 ወንበር ሆነ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለካርታው የማደሻ መንገድ አበጅቶለታል። ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይደረጋል፤ ምርጫ ቦርድ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ሐሳብ ያቀርባል፤ የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ከ550 እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጧል። ሦስተኛው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ተደርጎ ሕዝቡ 73.75 ሚሊዮን፣ የወላይታ ዞን ደግሞ 1,501,112 መሆኑ ታወቀ። ለአንድ ወንበር አማካዩ ወደ 135 ሺህ ወጣ። ሆኖም በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ዓ.ም. የተደረጉት ምርጫዎች በ547 ወንበር ቁጥር ቀጠሉ። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ታቅዶ ቢራዘም፣ ከዚያም እንደገና ቢራዘም፣ የማደሻው ሰንሰለት ገና ከመጀመሪያው ቀለበት ተበጠሰ። ህንድም እ.ኤ.አ. በ1976 የወንበር ክፍፍሏን በ1971ቱ ቆጠራ ላይ አግዳለች፤ ልዩነቱ ህንድ ያገደችው አስባበት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ያካሄዱ ግዛቶች ወንበር እንዳይቀነስባቸው ብላ ነው። የኢትዮጵያው ማንም ሳይወስንበት የቆመ ነው።

ወረዳው ግን አልቆመም። ወጋጎዳ በሚባለው የተቀላቀለ የትምህርት ቋንቋ ላይ ወላይታ ውስጥ በተነሳው ተቃውሞ ማግስት፣ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ የራሷ ዞን ሆነች። ያን ጊዜ ሰባት ወረዳ ነበራት፤ ሶዶ ዙሪያ፣ ቦሎሶ ሶሬ፣ ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ወይዴ፣ ኦፋ፣ ሁምቦና ኪንዶ ኮይሻ። ብዙም ሳይቆይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳዎቹ ወደ አሥራ ሁለት ተባዙ፤ ከኪንዶ ኮይሻ ተነጥሎ ዋና ከተማው ሀላሌ የሆነው ኪንዶ ዲዳዬ ወጣ። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ካዎ ኮይሻና ባይራ ኮይሻ ተጨመሩ፤ ኮይሻ የሚለውን ስም የያዙ ወረዳዎች ሦስት ደረሱ። ወረዳን መሠረት ያደረገ የምርጫ ክልል፣ ወረዳው ሲከፈል አብሮ የሚከፈል ይመስል ይሆናል፤ ሕጉ ግን ከወረዳ ምሥረታ ጋር አላሰረውም። ወረዳ የሚያቋቁመው የክልሉ መንግሥት ነው፤ የምርጫ ክልል የሚቀይረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት። በአገር ደረጃ የወረዳው ቁጥር ከሺህ ሲያልፍ የምርጫ ክልሉ 547 ላይ መቆየቱ ከዚህ የመጣ ነው። ውጤቱ በምርጫ ቀን ይታያል፤ ለግብር፣ ለጤና ጣቢያና ለመሬት ጉዳይ አዲሱ ወረዳ የሚሄድ ሰው፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ግን የሚቆጠረው በ1986ቱ መስመር ነው።

የታችኛው መዋቅር የተለጠጠውም በምርጫ ጣቢያ ነው። የ1999ኙ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 532፣ አንድ ጣቢያ እስከ 1,000 መራጭ እንዲይዝ ሲፈቅድ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ወደ 1,500 ከፍ አደረገው። ሕዝብ ሲጨምር ጣቢያ ይጨመራል፤ ክልሉ አይነካም።

በምዕራብ በኩል ያለው ወሰን ራሱ የተለየ ዕጣ ገጠመው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ኦሞን ዘግቶ ረጅም ሐይቅ ሠራ። ዳውሮ ያለ መራጭና ወላይታ ያለ መራጭ ቀድሞ በወንዝ ይለዩ ነበር፤ ዛሬ በሐይቅ ይለያሉ። መስመሩ በካርታ ላይ የነበረበት ነው፤ መሬት ላይ ግን ውኃው አስፍቶታል።

ከላይ ያለው የአስተዳደር ጣሪያም እንደገና ተቀየረ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ስትለይ የደቡብ ክልል ድርሻ ከነበሩት ወንበሮች 19ኙን ይዛ ሄደች፤ ወንበሮቹ አልጠፉም፣ ባለቤታቸው ተቀየረ እንጂ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአዲስ ክልል ለመደራጀት ድምፅ ሲሰጡ፣ የወላይታው ውጤት በተገኙ ጥሰቶች ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን ተደገመ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆነች። ቤሌ የምትገኝበት የምርጫ ክልል በዚህ ሁሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ከሲዳሞ፣ ከሰሜን ኦሞና ከደቡብ ቀጥሎ የሚገባበት አዲስ ስም ብቻ ተገኘለት።

የወደፊቱን ማሻሻያ የሚያከብደው የ550 ጣሪያው ነው። ወላይታ በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት በ100,000 አንድ ወንበር ቢሰጣት 15 ያህል ይደርሳት ነበር፤ በ135 ሺህ አማካይ ግን አሥራ አንድ። የአገሩ ሕዝብ ከመቶ ሚሊዮን ባለፈበት ጊዜ 550 ወንበር እኩል ቢከፋፈል ደግሞ አንድ ክልል ወደ 200,000 ሰው ይይዛል፤ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሁለት እንደራሴዎች የተመደበው ያህል ሕዝብ ለአንድ ሰው ማለት ነው። ከ547 እስከ 550 ያለው ክፍተት ሦስት ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ ለኪንዶ ኮይሻ ዓይነት ሕዝቡ ለበዛ አካባቢ አዲስ ክልል ቢሠመር ወንበሩ የሚገኘው በአብዛኛው ከሌላ አካባቢ ተቀንሶ ነው።