የጽጌረዳ ውሃና የተረሳው ሙያችን



ውድ አድማጮቻችን! እንፋሎትን አቀዝቅዞ የማንጠባጠብ ሙያ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን አረቄ ነው። ቃሉ ግን ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ላብ» ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ስለሚል የተሰጠ ስም ነው።

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ሙያ ለመዓዛና ለመድኃኒት አሳድገውታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የኖሩት አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ በጻፉት ኪታብ ከ100 በላይ የአሠራር ዘዴዎችን አስፍረዋል። ደማስቆ አጠገብ የነበረችው ሚዛ በጽጌረዳ ውሃዋ ትታወቅ ነበር። በ1327 የሞቱት አል-ዲመሽቂም የማንጠብጠቢያ ምድጃዎቿን በሥዕል ጭምር አሳይተዋል። ሱልጣን ሶላሑዲን በ1187 ቁድስን ሲያስመልሱ ቁበቱ ሶኽራ በጽጌረዳ ውሃ መታጠቡን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ዛሬም ካዕባ የሚታጠበው በጽጌረዳ ውሃ በተቀላቀለ ዘምዘም ነው።

አሠራሩ ከማድ ቤታችን አይርቅም። ድስት መሐል ንጹሕ ድንጋይ አስቀምጠን ባዶ ሳህን እናሳርፍበታለን። ጸረ ተባይ ያልተረጨበትን የጽጌረዳ አበባ በዙሪያው ጨምረን፣ ከድንጋዩ ጫፍ ሳያልፍ ውሃ እናፈስበታለን። ክዳኑን ገልብጠን በላዩ በረዶ እናደርግና በለዘብተኛ እሳት እንጥደዋለን። እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር ቀዝቅዞ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። ውሃው ሳያልቅ ማውረድ ነው፤ አለዚያ አበባው ያርራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሙያው በአረቄ ስም ስለተጠራ ብቻ የኛ አይደለም ብለን አንተወው። ለልጆቻችን እናሳያቸው፤ ታሪኩንም አብረን እንንገራቸው።

ወቢላሂ ተውፊቅ።