ከቅጸላ እስከ ማትሪክ

ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ጨርሻለሁ ብሎ ወዲያው ጉባኤ መዘርጋት አይችልም ነበር። ጋይንት ተሻግሮ፣ የድጓ ምስክር ቤት ወደሆነችው ቤተ ልሔም ገብቶ ማስመስከር ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረውም ዙር አምባን ሳይረግጥ መምህር አይባልም። ቤተ ልሔም የደረሰ ተማሪ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ከቦታው መጽሐፍ ጋር ያስተያያል፤ የጎደለውን ይሞላል፣ የተሳሳተውን ምልክት ፍቆ ያርማል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያዜማል። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ለይቶ ካወረደና መምህሩ ከረኩ ይመሰክሩለታል። ምስክሩን ይዞ ሲመለስ መሪጌታ ነው።

አባቴ እንዲህ ተሻግረው ካስመሰከሩት አንዱ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ደብር መሪጌታ ሆነው ኖሩ፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። ኋላ አስኳላ (ዘመናዊ ትምህርት ቤት) ገባሁ፣ ማትሪክ ተፈተንኩ፣ የታሪክ መምህርም ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የ12ኛ ክፍል ልጆችን ለፈተና ሳዘጋጅ ኖርኩ። ሁለቱንም ቤት ከውስጥ ስለማውቃቸው ይህን ለመጻፍ ድፍረት አገኘሁ። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪውን የሚፈትነው በየቀኑ ነበር። አስኳላው ፈተናውን ከየዕለቱ አንስቶ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ገፋው። የልጆቻችን ጭንቀትም ውድቀትም ብዙው ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንባብ ቤት የገባ ልጅ ፊደልና አቡጊዳን ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይጀምራል፤ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት ይቀጥላል። ትናንት የተሰጠውን ለየኔታ ወይም ለቀደመው ተማሪ አሰምቶ ሳይደናቀፍ ካላለፈ የዛሬውን አይቀበልም። አብረውት የገቡት ወንጌል ሲደግሙ እርሱ ገና መልእክተ ዮሐንስ ላይ ቢሆን የሚገርመው የለም፤ ሁሉም በየአቅሙ ይሄዳል። ማታ ደግሞ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይነሳም። ልጆቹ ጨለማው ውስጥ ተኮልኩለው ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክአ ማርያሙን፣ መልክአ ኢየሱሱን በቃል ይቀበላሉ። የኔታ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ልጆቹ ይከተላሉ፤ ድንገት ደግሞ "በል አንተ!" ብለው አንዱን ያስነሱታል። ተራው ማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ የሚያንቀላፋ የለም።

የተማሩትን ለብቻ እየደጋገሙ ማላመድ ቀለም መቀጸል ይባላል። ሌሊት በተማሪ ጎጆዎች አጠገብ ያለፈ ሰው ያንን ጉምጉምታ ያውቀዋል። አንዱ ዳዊቱን፣ ሌላው ጾመ ድጓውን፣ ሦስተኛው ቅዳሴውን ያወርዳል። ቀጻዩ የዛሬውን ብቻ አይልም፤ ካለፈው ሳምንት፣ ካለፈው ወር እያነሣ ይመጣል። በኋላ እኔ ተማሪዎቼን ክለሳ፣ ክለሳ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ቅኔ ቤት ሲደርስ ነገሩ ይጠብቃል። መነሻው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ ዘይእዜ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ጫካ ወይም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃኑለታል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልም። ትናንት ያማረለትን ዛሬ ቢደግም ተቀባይ የለውም፤ የጓደኛውን ቢያመጣ ደግሞ ያፍራል። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቤት በስልት ይለያያሉ፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። መልሱ በየዕለቱ አዲስ መሆን ያለበትን ፈተና ማን ሊሰርቀው ይችላል?

እዚህ ላይ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም። ጎጃም ውስጥ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው። በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፋ፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ትምህርቱን ከእርሳቸው ቀሰሙ። አንድም ገጽ ሳያዩ፣ በጆሮ ሰምተው በአፍ እየመለሱ እስከ መምህርነት ደረሱ፤ ብዙ ወንዶችም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። በቃል መመለስ ምን ያህል እንደሚያደርስ የጠየቀኝ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሰማው የእርሳቸውን ታሪክ ነው።

የጥንቱ ቤት ጉድለትም ነበረበት። እንደ እማሆይ ገላነሽ ያለ ዕድል ያገኘች ሴት ከስንት አንዷ ናት። ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ከውሻ ጋር እየተጋፉ ለምነው ነው የሚማሩት። በተስቦና በረሃብ መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። አለንጋውም ያማል፣ እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። አንዱን ጉባኤ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል። አገር በሐኪምና በመሐንዲስ ሊቆም ሲፈልግ ይህ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ስለዚህ አስኳላው መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከእነዚህ የሚወጡ ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ የሚፈተኑት የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪክ ፈተና ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ነው አገሪቱ የራሷን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ያቋቋመችው፤ ሕዝቡ ግን ማትሪክ ማለቱን አልተወም። ከታች ደግሞ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና ነበር። ወንበሩ፣ ወረቀቱ፣ የማያውቁት አራሚ፣ በጋዜጣና በሬዲዮ የሚነገረው ማስታወቂያ፣ ሁሉም ለተማሪው አዲስ ነበር። የሚፈትነው ሰው አያውቀውም፤ የት ላይ እንደተደናቀፈም የሚነግረው የለም። የሚደርሰው ፊደልና ነጥብ ብቻ ነው።

እኔ የተፈተንኩት በደርግ ዘመን ነው። እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን ከ7ኛ ጀምሮ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከገጠር ለመጣ ልጅ ይህ ገደል ነበር። ደብረ ማርቆስ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከቤት በመጣ በሶና ድርቆሽ እየዋልን እናጠና ነበር። ጋዝ ሲያልቅ ኩራዙ ይጠፋል፤ ያኔ ጋቢያችንን ተከናንበን ወደ መንገድ መብራት እንወጣለን። በየምሰሶው ሥር አንድ ሁለት ተማሪ ይገኝ ነበር። የዚያ ዘመን ልጅ በትጋት አይታማም።

የሚታማው በዘዴው ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ደብተርን ከሽፋን እስከ ሽፋን ማንበብ፣ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው መጀመር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ሁሉም ነገር የተለመደ ይሆናል፤ አንባቢው ያወቀ ይመስለዋል። ዓይኑ የለመደውን አእምሮው ይዞታል ብሎ ያምናል። ፈተናው ላይ ደብተሩ በሌለበት ሲጠየቅ ግን ከየት ያምጣው? ሸምድዶ የገባውም ጥያቄው ትንሽ ጠመም ካለበት ይጠፋበታል። ጎበዝ የምንላቸው ልጆች እንዲህ ሲወድቁ አይቻለሁ፤ ሰዉ "ዕድሉ ነው" ብሎ ዘጋው።

የፋሲካ ዕረፍት ላይ አገር ቤት ወርጄ ደጅ ተቀምጬ ባዮሎጂ ሳነብ አባቴ ለረዥም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ "አምጣው እስቲ" ብለው ደብተሩን ተቀበሉኝና ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት።

"በል አሁን መምህርህ ያሉህን ንገረኝ።"

"አባባ፣ እንግሊዝኛ ነው እኮ። አይገባዎትም።"

"እኔ ባይገባኝም አንተ ስትደናቀፍ ይሰማኛል።"

ጀመርኩ። ስለ ደም ዝውውር ነበር። ገና ከልብ ሳልወጣ አፌ ተያያዘ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። ደብተሩን መለሱልኝ፣ የተደናቀፍኩበትን ብቻ አየሁ፣ እንደገና ወሰዱት። ማታ ከእራት በኋላ ያንኑ ድገም አሉኝ፤ በማግስቱም፣ ሰንበት ብሎም አስደገሙኝ። የማላውቀው ሁሉ አንድ በአንድ ተለየልኝ። ወደ ከተማ ስመለስ አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ነገርኳቸውና ከዚያ ወዲያ አንዳችን ስንናገር ሌላው ደብተር ይዞ ያዳምጥ ጀመር። ሦስታችንም አለፍን።

መምህር ከሆንኩ በኋላ ይህንኑ ከክፍል አስገባሁት። ጥናት የሚጀምረው ከዓመቱ መግቢያ ነው እንጂ ከግንቦት አይደለም እላቸው ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ያደምጣል። የተደናቀፉበትን ምልክት ያደርጉበታል፤ ነገ ከዚያ ይጀምራሉ። የዛሬው ምዕራፍ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ሳይታሰብ ይጠየቃል። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች መልሳቸው ተሸፍኖ፣ ሰዓት ተይዞ ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ትክክለኛው ምርጫ ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑም ማስረዳት አለባቸው። ታሪክ ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ የዓድዋን ዓመት የሚያውቅ ብዙ ነው፣ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ወደ ዓድዋ እንዴት እንዳደረሰ ተነሥቶ የሚናገር ግን ጥቂት። ለፈተናው ዋዜማ የማዘው እንቅልፍ ነበር። ፈተናው ላይ ደግሞ የከበደውን ዘሎ ማለፍና መመለስ፣ የጥያቄው ቁጥርና የሚጠቆረው ክበብ መገጣጠሙን በየገጹ ማየት። በአንድ መስመር መዛነፍ የዓመት ልፋቱን ያጣ ልጅ አውቃለሁ።

ኋላ ላይ የአባቴን ዘዴ ሳይንስ እንደሚደግፈው ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዱ የተማሪ ቡድን አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ዙር ብቻ አንብቦ ሦስት ዙር ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነርሱ ያስታወሱት 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ ያህል አስታወሱ። ዋዜማው ላይ ደብተር የሚደጋግም ልጅ ለምን ሁሉንም ያወቀ እንደሚመስለውና ለምን እንደሚጠፋበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላየሁም።

እኛ ግን የጥናቱን ዘዴ ከማስተካከል ይልቅ የፈተናውን ወረቀት ከስርቆት ስንጠብቅ ዓመታት አለፉ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቀና ፈተናው ተቋረጠ። እንደገና ሲሰጥ ክረምት ገብቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያውም ተዘጋ። ከዓመታት በኋላም ተፈታኞች ከየቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። የዚያ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃው መከልከሉ ትክክል ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ልጆቹ ስንፍና ነው የሚለውን አልቀበልም። 12 ዓመት ሙሉ "በል አንተ" ብሎ ያስነሣው ሰው የሌለ ልጅ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ጊዜ ተነሥ ሲባል ቢወድቅ ጥፋቱ የማን ነው?

የየትምህርት ቤቱ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ማታ ማታ አንድ ሁለት ክፍል ክፈቱ። መብራትና ወንበር ካለ ሌላ ወጪ የለውም፤ ልጆቹ ጥንድ ሆነው ይቀጽሉ። መምህራን፣ ትናንት ያስተማራችሁትን ሳትጠይቁ የዛሬውን አትጀምሩ፤ ሲሳሳቱም አታሸማቅቋቸው። ወላጆችም "አልተማርንም፣ ምን እንረዳዋለን" አትበሉ። ደብተሩን ተቀበሉትና ልጃችሁ ሲናገር አድምጡት።