ህጻን ይዞ ምግብ ቤት መግባት፦ ለእረፍት ለሚጓዙ ቤተሰቦች



ዒድ ሲደርስ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ለእረፍት ይወጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ላለው ቤተሰብ ግን ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ መብላቱ ነው። ምግቡ ሳይመጣ ልጁ ያለቅሳል፣ ከወንበር ይወርዳል፣ ብርጭቆ ይገለብጣል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እናት ልጁን ታቅፋ በረንዳ ላይ ስትመላለስ ሌላው ይበላል፤ ስትመለስ ምግቧ ቀዝቅዟል። ሦስት ቀን እንዲህ ካለፈ እሷ እረፍት ወጣች ለማለት ያስቸግራል።

ይህ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል። የልጁ እርጋታ አብዛኛውን የሚወሰነው ገና ሳትቀመጡ በምትመርጡት ሰዓት፣ ቦታና ምግብ ነው። ቀሪው አባትና እናት ልጁን ተራ በተራ በመያዛቸው ይሟላል።

ልጁ ለምን ይረበሻል?

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። «አሁን ይመጣል» ቢባል ለእሱ ትርጉም የለውም። ቤት ውስጥ ሲርበው ምግቡ ቶሎ ይቀርብለታል፣ በልቶ ሲጨርስም ተነስቶ ይሄዳል። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ግማሽ ሰዓት ጠብቆ፣ በልቶ፣ ከዚያም ሌሎቹ እስኪጨርሱ እንደገና እንዲቀመጥ ይጠየቃል። ይህ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ማልቀሱን የስድነት ምልክት አድርጎ መውሰድ አይገባም።

ረሃብና እንቅልፍ ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉ ልጆች የቀን እንቅልፍን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። በጉዞ ቀን ይህ እንቅልፍ ስለሚቆራረጥ ልጁ ምግብ ቤት የሚደርሰው ደክሞ ነው።

የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ለማስረዘም አስበው እያለ የህጻን ለቅሶ ሲሰሙ፣ ለእናቱ ጭንቀት በማሰብ ያሳጥሩት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለህጻንና ለእናቱ ሲባል ሶላት ካጠረ፣ የምግብ ፕሮግራም ማሳጠር ሊከብደን አይገባም።

ሰዓት መምረጥ

በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቶች የሚጨናነቁት ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብትገቡ ወጥ ቤቱ ሥራ አልበዛበትም፣ ምግቡ ቶሎ ይመጣል፣ ዙህርንም ልጁ ጠግቦ ትሰግዳላችሁ። ጁምዓ ቀን መስጂድ አጠገብ ያሉ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ከሶላት በኋላ ቦታ ስለማይኖራቸው ልጁን ቀድሞ ማብላት ይሻላል። እራትም ከመግሪብ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ልጁ የቀን እንቅልፍ የሚተኛው ለምሳሌ 7 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ምግብ ቤት አትግቡ። ከተኛ በኋላ ወይም ከመተኛቱ በቂ ጊዜ ቀድሞ ይሁን።

ከውጭ አገር ለሚመጡ ቤተሰቦች የሰዓት ልዩነቱም ይታሰብበት። ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ስለሚጠቀሙ ከዚያ የሚመጣ ልጅ አይቸገርም። በክረምት ከዋሽንግተን የሚመጣ ልጅ ግን የ7 ሰዓት ልዩነት አለበት፤ አዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ለእሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምሳውን ባረፋችሁበት ቤት አብሉት። ዘመድ አዝማድ ምግብ ቤት የሚጋብዛችሁ ከሆነም አመሻሹ ላይ ይሁን።

ቦታ መምረጥ

ግቢ ወይም በረንዳ ያለው ምግብ ቤት ከተዘጋ አዳራሽ ይሻላል፤ ልጁ ተነስቶ መራመድ ይችላል፣ ድምፁም አይጎላም። የህጻን ወንበር ከትልልቅ ሆቴሎች ውጭ ብዙም ስለማይገኝ በእሱ አትተማመኑ። በግድግዳ በኩል ያለ ጥግ ላይ ልጁን በሁለት አዋቂ መካከል ማስቀመጥ ይቻላል።

ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎበት መሬት ላይ የሚበላበት መጅሊስ ያላቸው ምግብ ቤቶች ለህጻን በጣም ይመቻሉ። ማንዲ የሚያቀርቡ የየመን ምግብ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ዓይነት የቤተሰብ ክፍል ይገኛል። ልጁ ከወንበር አይወድቅም፣ ይድሃል፣ ይቆማል፤ እናትም በነፃነት ትቀመጣለች።

ከአስተናጋጅ መመላለሻ፣ ከደረጃና ቡና ከሚፈላበት ጥግ ግን ራቁ።

ምን ይታዘዝ?

የመጀመሪያው ደንብ፦ ልጁን በባዶ ሆዱ አታስገቡት። ከመግባታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ግማሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ቢቀምስ የመጠበቂያውን ጊዜ ይችለዋል።

ሁለተኛው፦ የልጁን ምግብ ገና ስትቀመጡ እዘዙ፤ የእናንተን በኋላ ተረጋግታችሁ ምረጡ። ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና ካሮት፣ አልጫ ክክ፣ አቮካዶ፣ እርጎ ከሚመቹት ናቸው። «በርበሬና ሚጥሚጣ አይግባበት» ማለት አይረሳ። ሳህኑ ወዲያው ልጁ ፊት አይቀመጥ፤ መቀዝቀዙን ቀምሳችሁ አረጋግጡ።

የሙስሊም ምግብ ቤት በማይገኝበት ከተማ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሽሮ ወይም አትክልት በየዓይነቱ ብዙ ቤተሰብ የሚመርጣቸው ናቸው። ሆኖም ሁለት ነገር ጠይቁ። ቦዘና ሽሮ ሥጋ ያለበት ነው። «የአትክልት ሾርባ» የሚባለውም አንዳንዴ በሥጋ መረቅ ይሠራል፤ ሾርባ ደግሞ ለህጻን ቶሎ የሚታዘዝ ምግብ ስለሆነ መጠየቁ አይቅር። ዓሣው ከሥጋ ጋር በአንድ ዘይት ይጠበስ እንደሆነም ማጣራት ተገቢ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ጥብስ ለልጅ ስትሰጡ ሥጋውን በጣታችሁ እያሻችሁ እሾሁን አውጡ። ለዓይን የማይታየውን ቀጭን እሾህ ጣት ይለየዋል።

ሂሳቡን የልጁ ትዕግሥት ከማለቁ በፊት፣ ምግቡ እንደመጣ ጠይቁ። ድንገት መውጣት ቢኖርባችሁ የተረፈው ይጠቀለልላችኋል።

የመጠበቂያው ጊዜ

ለጉዞው አንድ ትንሽ ቦርሳ አዘጋጁ። እርጥብ ሶፍት፣ አንድ ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ክዳን ያለው ኩባያ፣ የራሱ ማንኪያና ሦስት ትንንሽ መጫወቻ ይያዝበት። መጫወቻዎቹ ድምፅ የማያወጡ፣ በአፍ የማይዋጡ፣ ልጁም ለጥቂት ቀናት ያላያቸው ይሁኑ። ሁሉንም አንድ ላይ አታውጡ፤ አንዱ ሲሰለቸው ሌላው ይተካ።

መጫወቻ ባይኖርም ጨዋታ አይጠፋም። ፊትን በሶፍት ሸፍኖ መግለጥ፣ «መብራቱ የት አለ? በሩስ?» እያሉ ማስጠቆም፣ ማንኪያ በኩባያ ውስጥ ማስገባትና ማውጣት የአንድ ዓመት ልጅን ደቂቃዎች ይይዙታል። ሁለት ዓመት ያለፈው ወረቀትና ከለር ይበቃዋል። ምግቡ ከመምጣቱ በፊት ከአንድ ወላጅ ጋር ግቢውን አንዴ መዞርም ጥሩ ነው፤ እግሩን ያፍታታና ለመቀመጥ ዝግጁ ይሆናል።

ስልክስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚህም በላይ ስልክ እያየ የሚበላ ልጅ መጥገቡን አያስተውልም፣ ሲወሰድበትም ለቅሶው ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ ስልክ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ማዕድ የተርቢያ ቦታም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳቸው ዘንድ ያደገውን ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማን (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ እጁ በሳህኑ ላይ ሲዘዋወር አይተው የአላህን ስም እንዲያወሳ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊቱ እንዲያነሳ በለስላሳ ንግግር አስተምረውታል። የሁለት ዓመት ልጅ «ቢስሚላህ» ብሎ በቀኝ እጁ ማንሳትን እየሰማና እያየ ይለምደዋል። ቢሳሳት በሰው ፊት አይቆጣ።

ተራ መግባት

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደሚሆኑና ሶላት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። ልጅ መያዝ ከዚህ አገልግሎት ይቆጠራል።

ቀላሉ አሠራር ይህ ነው። የልጁ ምግብ ሲመጣ አባት ያበላል፣ እናት ትኩሱን ትበላለች። ልጁ ሲጠግብ እናት ይዛው ትወጣለች፣ አባት ይበላል። በቀጣዩ ማዕድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አያት፣ አክስት ወይም ታላቅ ልጅ ካለ በተራው ይግባ። ሶላትም እንዲሁ፤ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ልጁን ይጠብቃል። መንገደኛ ሶላትን ማሳጠርና ማጣመር ስለሚፈቀድለት ሁኔታ ዝርዝሩን ከጉዞ በፊት በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

በአገራችን አስተናጋጆችም ሆኑ ሌሎች ተመጋቢዎች ህጻን ማቀፍና ማጉረስ ይወዳሉ። ልጁ ከፈቀደ መልካም እገዛ ነው። ባዕድ ፊት የሚያስፈራው ከሆነ ግን «ትንሽ ይፈራል» ብሎ በፈገግታ መመለስ ማንንም አያስቀይምም። የሚጎርሰውንም ነገር ቀድማችሁ እዩ።

አደጋን መከላከል

• የሚያንቅ ምግብ፦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ደረቅ ከረሜላ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ወይን በቁመቱ ይቆረጥ፤ ቴምር ፍሬው ወጥቶ ይቆራረጥ፤ ሥጋ በጣም ይድቀቅ። ልጁ ሲበላ ይቀመጥ እንጂ አይሩጥ።

• ቢያንቀው፦ በኃይል እያሳለ ከሆነ እንዲያስል ተዉት። ድምፅ ማውጣትና መተንፈስ ካቃተው ወደፊት አዘንብላችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ እስከ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እስከ 5 ጊዜ ግፉ፤ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት ጉሮሮው ውስጥ አይገባም።

• ቃጠሎ፦ እየፈላ የሚመጣ ተጋቢኖ፣ ሻይ፣ ቡናና ጀበና ከልጁ እጅ ይራቁ። ህጻን ታቅፎ ትኩስ ነገር አይጠጣም። ቢቃጠል ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙ፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ከዚያ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

• ውኃና ጥሬ ምግብ፦ የታሸገ ውኃ ስጡት፤ ጥሬ ሰላጣና ያልበሰለ ሥጋ ይቅርበት።

• ሐይቅ ዳር፦ ልጁ ከእጃችሁ አይለይ። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጦጣዎችና ትልልቅ ወፎች ምግብ ፈልገው ስለሚቀርቡ ምግብ ይዞ ብቻውን አይቁም።

ካለቀሰ

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚያለቅስበት ቀን ይኖራል። ያኔ ማስፈራራትና ከረሜላ ማባበል ትታችሁ አንዳችሁ ይዛችሁት ውጡ። ዳይፐሩን እዩ፣ ውኃ ስጡት፣ አምስት ደቂቃ አየር ይቀበል። ከተረጋጋ ይመለስ፤ ካልሆነ ምግቡ ተጠቅልሎ ወደ ማረፊያችሁ ሂዱ። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ምግብ ቤት አለመግባትም ልጁን ያሳርፈዋል፤ ሌላውን ማዕድ ዳቦ፣ ፍራፍሬና እርጎ ገዝቶ ማረፊያ ክፍል ውስጥ መብላት ይቻላል።

ስትወጡ ወለል ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አንሱ፣ ያጸዳውን ሠራተኛ አመስግኑ፣ የምትችሉትን ጉርሻ ተዉለት። በማግስቱ ስትመለሱ ከነልጃችሁ በደስታ ይቀበሏችኋል።

አላህ ጉዟችሁን የሰላም፣ ልጆቻችሁን የዓይን ማረፊያ ያድርግላችሁ። አሚን።