የመካኒካል ቴክኖሎጂ ዲግሪና የተማሪ ዕዳ በአሜሪካን አገር

አንድ ወጣት የሚማረውን ሙያ በሚመርጥበት ጊዜ ሁለት ነገሮችን ማመዛዘን ይገባዋል። አንደኛው ከተመረቀ በኋላ የሚያገኘው ደመወዝ ሲሆን፥ ሁለተኛው ለመማር ሲል የሚበደረው ገንዘብ ነው። በአሜሪካን አገር የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪ ለመያዝ የሚያስብ ተማሪ ይህ ጥያቄ ከማንም ይልቅ ይከብደዋል። ምክንያቱም ዲግሪው ከመሐንዲስ ዲግሪ ጋር ጎረቤት ቢሆንም አንድ አይደለም፤ ብድሩ ግን ለሁለቱም እኩል ነው። ብዙዎች ነገሩን የግል ሒሳብ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ዲግሪውም ዕዳውም በአንድ ዘመን የተወለዱ የታሪክ ውጤቶች መሆናቸውንና ታሪካቸውን ያላወቀ ሰው ሒሳቡን በትክክል ሊሠራ እንደማይችል ለማሳየት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የዲግሪው አመጣጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአሜሪካን የምህንድስና ኮሌጆች ትምህርት ለወርክሾፕ የቀረበ ነበር። ተማሪው ንድፍ ይነድፋል፥ ብረት ያቀልጣል፥ በቶርኖ ላይ ቆሞ ይሠራል። በጦርነቱ ጊዜ ግን እንደ ራዳርና እንደ አቶም ኃይል ያሉት አዳዲስ ሥራዎች የፊዚክስንና የሒሳብን ዕውቀት አጥብቀው የሚፈልጉ ሆኑ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካን የምህንድስና ትምህርት ማኅበር በፕሮፌሰር ግሪንተር የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ጉዳዩን አስጠና፤ የመጨረሻውም ሪፖርት በ1955 ወጣ።

ኮሚቴው በመጀመሪያው ረቂቁ የምህንድስና ትምህርት በሁለት እንዲከፈል፥ ይኸውም አንዱ ለጠቅላላ ሙያ፥ ሌላው ለሳይንሳዊ ሥራ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኮሌጆቹ ግን አንዱ ከሌላው ያነሰ መስሎ እንዳይታይ በመስጋት ይህን አልተቀበሉትም። ስለዚህ የመጨረሻው ሪፖርት ክፍፍሉን ትቶ ለሁሉም መሠረት የሚሆኑ ስድስት የምህንድስና ሳይንሶችን ዘረዘረ። ከእነዚህም መካከል የጠጣር አካላት መካኒክስ፥ የፈሳሾች መካኒክስ፥ ቴርሞዳይናሚክስና የቁሳቁስ ጠባይ ይገኙባቸዋል።

ሆኖም በፊት ለፊት በር እንዳይገባ የተከለከለው ክፍፍል በጓሮ በር ገባ። ሳይንሱ እየበዛ በሄደ ቁጥር የወርክሾፕ ትምህርት ከመሐንዲሶች ፕሮግራም እየተገፋ ወጣ፤ ፋብሪካው ግን በንድፉና በመኪናው መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው መፈለጉን አልተወም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ቀድሞ በሁለት ዓመት ቴክኒሺያን ያወጡ የነበሩ አንዳንድ ተቋሞች ትምህርታቸውን ወደ አራት ዓመት አሳደጉ። ታዋቂው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቱን በ1964 ከፈተ። የምህንድስና ፕሮግራሞችን መርምሮ ዕውቅና የሚሰጠው ምክር ቤትም በ1967 የአራት ዓመት የቴክኖሎጂ ዲግሪዎችን ማጽደቅ ጀመረ። ይህ ምክር ቤት ከ1980 ወዲህ አቤት በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቅ ሲሆን፥ መሐንዲሶችንና ቴክኖሎጂስቶችን በሁለት የተለያዩ ኮሚሽኖች ይመረምራል። እንግዲህ በ1955 ተቀባይነት ያጣው ክፍፍል ከዐሥር ዓመት በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ በሌላ ስም ጸና ማለት ነው።

ለ. የዕዳው አመጣጥ

በ1944 በወጣው ሕግ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ይህ ስጦታ እንጂ ብድር አልነበረም። መንግሥት ለተራው ተማሪ በሰፊው ማበደር የጀመረው የሶቪየት ኅብረት በጥቅምት ወር 1957 ስፑትኒክን ወደ ሰማይ ከላከች በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ አንድ ተማሪ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፥ በጠቅላላው እስከ 5,000 ዶላር እንዲበደር ፈቀደ። ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ሲሆን የመክፈያው ጊዜ ዐሥር ዓመት ነበር። ቅድሚያ ከሚሰጣቸውም መካከል በሳይንስ፥ በሒሳብና በምህንድስና ከፍተኛ ችሎታ ያሳዩ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ የመንግሥት የተማሪ ብድር በሰፊው የተጀመረው አገሪቱ መሐንዲስ አጣሁ ብላ በፈራችበት ሰዓት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በኅዳር ወር 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ራሳቸው በተማሩበት በቴክሳስ ኮሌጅ ተገኝተው የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ ባንኮች እንዲያበድሩና መንግሥት ዋስ እንዲሆን ተደረገ። በ1978 ደግሞ የቤተሰብ ገቢ ወሰን ተነሥቶ ባለጸጋውም ድኻውም እንዲበደር ተፈቀደ። የብድሩ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ የገበያው ወለድ ግን ብዙም ሳይቆይ ከ10 በመቶ በላይ ወጣ። እንግዲህ ገንዘብ የማያስፈልገውም ሰው ቢበደር የሚያተርፍበት ጊዜ መጣ። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በ1981 ወሰኑ በከፊል ተመለሰ፤ በ1992 ግን ተማሪው በትምህርት ላይ ሳለ እንኳ ወለዱ የሚቆጠርበት ብድር ለሁሉ ተከፈተ። በ1998 የወጣው ሕግ ደግሞ ባለዕዳው ኪሣራ ቢያውጅም፥ ከልክ ያለፈ ችግር እንደሚደርስበት በፍርድ ቤት ካላስረዳ በስተቀር፥ ከመንግሥት የተማሪ ብድር ነጻ እንዳይወጣ አደረገ። ከ2010 ወዲህ መንግሥት ባንኮችን ከመካከል አውጥቶ ራሱ ያበድራል።

ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው የብድሩ ዓላማ ተለውጧል። በ1958 አገሪቱ የምትፈልገውን ሙያ ለማፍራት የተሰጠው ገንዘብ፥ በኋላ የሙያ ዓይነት የማይጠይቅ የትምህርት ዋጋ መክፈያ ሆነ። አበዳሪው ምን ትማራለህ ብሎ አይጠይቅምና ጥያቄውን ራሱ ተማሪው መጠየቅ ግድ ሆነበት።

ሐ. ሒሳቡ

የአሜሪካን የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ለግንቦት 2023 በሰጠው ቁጥር መሠረት የመካከለኛው መካኒካል መሐንዲስ የዓመት ደመወዝ 99,510 ዶላር፥ የመካኒካል ቴክኖሎጂስቶችና ቴክኒሺያኖች ደግሞ 64,020 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 35,490 ዶላር ነው። ነገር ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ አይገባም። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ያላቸው ቴክኒሺያኖች አብረው ተቆጥረዋል፤ የቴክኖሎጂ ዲግሪ ይዘው በመሐንዲስነት የተቀጠሩት ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ ሁለቱም ቁጥሮች ብዙ ዘመን የሠሩትን ስለሚጨምሩ ለጀማሪ የሚከፈለውን አያሳዩም።

አሁን ዕዳውን እንመልከት። ከ2008 ወዲህ በወላጆቹ የሚረዳ ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ ከመንግሥት በስሙ የሚበደረው ቢበዛ 27,000 ዶላር ነው። በ2024 የትምህርት ዘመን በነበረው 6.53 በመቶ ወለድ በዐሥር ዓመት ቢከፈል በወር ወደ 307 ዶላር ይደርሳል። ይህ ከቴክኖሎጂስቱ የወር ደመወዝ 6 በመቶ ያህል ስለሆነ ሊቻል ይችላል። ነገር ግን ተማሪው ከሌላ አበዳሪ ጨምሮ ዕዳውን 60,000 ዶላር ቢያደርሰው በዚያው ወለድ የወር ክፍያው 682 ዶላር ያህል ይሆናል፤ ከደመወዙም 13 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ይህም ግብር፥ የቤት ኪራይና ምግብ ሳይታሰቡ ነው። በኮሌጅ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ ግን ከሁሉም ይጎዳል፤ ዕዳው ይከተለዋል፥ ደመወዙ ግን አይከተለውም።

በሚዛኑ ላይ በቁጥር የማይገለጽ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የሙያ ፈቃድ ነው። የመሐንዲስነትን ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። አንዳንዱ ክፍለ ግዛት የቴክኖሎጂ ምሩቅን ተጨማሪ የሥራ ዓመታት አስቆጥሮ ለፈተና ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ ግን ጨርሶ አይቀበለውም። የአሜሪካን መንግሥትም ለመሐንዲስነት ሲቀጥር የቴክኖሎጂ ዲግሪን ብቻውን እንደ በቂ አይቆጥረውም። የ1955ቱ ክርክር እስከ ዛሬ በምሩቁ ደመወዝና መዓርግ ላይ ፍርድ እየሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

መ. መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው የምንደርስበት ውሳኔ የሚከተለው ነው። የመካኒካል ቴክኖሎጂ ዲግሪ የተናቀ ዲግሪ አይደለም፤ ፋብሪካ ሠሪ እጅና አሳቢ ጭንቅላትን አብሮ እስከፈለገ ድረስ ዋጋው አይወድቅም። ነገር ግን የመሐንዲስን ዕዳ ተበድሮ የቴክኖሎጂስትን ደመወዝ መቀበል ሚዛኑን ያፋልሳል። ስለዚህ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዋጋው ዝቅ ባለ የሕዝብ ኮሌጅ ቢፈጽም፥ ከመንግሥት ብድር ወሰን ባያልፍ፥ ከመግባቱም አስቀድሞ ፕሮግራሙን የትኛው ኮሚሽን እንዳጸደቀውና ሊሠራበት ያሰበው ክፍለ ግዛት ሕግ ምን እንደሚል ቢመረምር ይጠቀማል።

ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአገራችን በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ መጋራት ስለ ደነገገ፥ ምሩቁ ከደመወዙ እየቀነሰ ድርሻውን እንዲከፍል ሆኗል። በአሜሪካን አገር መደበኛው አከፋፈል የተቆረጠ የወር ክፍያ ሲሆን የእኛው ደመወዝን ተከትሎ የሚሄድ ነው። በዚህ በኩል የእኛው ለባለዕዳው ይራራል። ሆኖም መንግሥት ለሚያስተምረው ሙያ የሥራ ቦታና የመዓርግ ደረጃ አስቀድሞ ካላዘጋጀ፥ የብድሩ ቅለት ብቻውን ምሩቁን አያድነውም። አሜሪካኖች ዲግሪውን ፈጥረው መዓርጉን ሳይወስኑ በመቅረታቸው የተነሣውን ክርክር ከስድሳ ዓመት በኋላም አልጨረሱትም። የቴክኒክ ትምህርታችንን በምናስፋፋበት በዚህ ጊዜ ከእነርሱ ልንማር የሚገባን ይህንኑ ነው።