ክላውዱ ቢያጠራጥር የመረጃ መጠባበቂያ የት ይቀመጥ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 10 ቀን 2021፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ በአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሣ። ሕንፃው ኦቪኤች ክላውድ የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን መረጃ በከተማዋ ያከማችባቸው ከነበሩት አራት ማዕከላት አንዱ ነበር። በሰው ላይ ጉዳት ባይደርስም ሕንፃው ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ሌላው ማዕከልም በከፊል ተቃጠለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ።

በሌላ ስፍራ ቅጂ የነበራቸው ደንበኞች ሥራቸውን መልሰው ማቋቋም ችለዋል። ዋናውም መጠባበቂያውም በዚያው ግቢ ከነበረባቸው መካከል ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጡ ነበሩ።

የዚያ ሌሊት ትምህርት ለድርጅቶች ብቻ አይደለም። የልጆች ፎቶግራፍ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ምስክር ወረቀት፣ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ ዛሬ በአብዛኛው ያለው በስልክና በክላውድ ላይ ነው። ከአገር አገር ለሚዘዋወር ሰው ይህ ክምችት ብቸኛው የቤተሰብ መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ክላውድ ከምን ይጠብቃል?

የክላውድ ትርጉሙ ደመና ቢሆንም መረጃው የሚኖረው መሬት ላይ፣ በኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች ነው። ትልልቆቹ አቅራቢዎች አንድን ፋይል በበርካታ ዲስኮች ስለሚያባዙ የአንድ ዲስክ መበላሸት ደንበኛውን አይነካም። ይህ ብዜት ግን በዋነኛነት የሚከላከለው የዕቃ ብልሽትን ነው። አካውንት ሲዘጋ፣ ኩባንያ ሲከስር ወይም የማጥፋት ትዕዛዝ በስህተት ሲሰጥ ቅጂዎቹ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

እአአ በሜይ 2024 ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተሰኘው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ክምችት በአወቃቀር ስህተት ተሰርዞበት አገልግሎቱ ለቀናት ተቋርጧል። ፈንዱና ጉግል በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ በሌላ አቅራቢ ዘንድ የተቀመጠ መጠባበቂያ የጠፋውን መጠን እንደቀነሰና ሥርዓቱን መልሶ ለማቋቋም በእጅጉ እንደረዳ ገልጸዋል።

የማስጠንቀቂያ ምልክቶች

አቅራቢ ከመውደቁ በፊት ምልክት የሚያሳይበት ጊዜ አለ። የተጫኑ ፋይሎች ቁጥር ሲጎድል፣ ይከፈት የነበረ ፋይል አልከፈት ሲል፣ አገልግሎቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፣ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ወይም የአጠቃቀም ውሉ በድንገት ሲለወጥ ነገሩን ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም።

ምልክትን መጠበቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ኒርቫኒክስ የተባለው የአሜሪካ የክላውድ ኩባንያ እአአ በሴፕቴምበር 2013 ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ ደንበኞቹ መረጃቸውን እንዲያወጡ በመጀመሪያ የሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ብዙ መረጃ ላከማቸ ድርጅት ይህ በኢንተርኔት አውርዶ ለመጨረስ እንኳ የሚያዳግት ጊዜ ነው።

በቅድሚያ ማውጣት

ጥርጣሬ ሲፈጠር አካውንቱን መዝጋት ወይም ክፍያ ማቋረጥ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። አስቀድሞ ቅጂው መውጣትና መረጋገጥ አለበት። ጊዜ ካጠረም መተኪያ ከሌላቸው ፋይሎች መጀመር ይመረጣል፤ ፊልምና ሙዚቃ ዳግም ሊገኝ ይችላል፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ግን አይገኝም።

ጉግል ቴክአውት በተባለው አገልግሎቱ፣ አፕልም በመረጃና ግላዊነት ገጹ ተጠቃሚዎች ያከማቹትን በጅምላ እንዲያወርዱ ይፈቅዳሉ። ጉግል የሚልከው የማውረጃ አድራሻ ከሰባት ቀን ገደማ በኋላ ስለሚያበቃ ማውረዱን ማዘግየት አይበጅም።

በስልክ ላይ የሚታይ ፎቶግራፍ ሁሉ ስልኩ ውስጥ አለ ማለትም አይደለም። በአይፎን ቦታ ቆጣቢው አማራጭ ሲበራ ስልኩ አነስተኛውን ምስል ብቻ አስቀርቶ ሙሉውን ከክላውድ ሊጠራ ይችላል።

ማመሳሰል መጠባበቂያ አይደለም

ስልክንና ክላውድን የሚያመሳስል አገልግሎት በአንዱ ላይ የተደረገውን በሌላው ላይ ይደግማል። ፎቶግራፉ ከስልክ ሲጠፋ ከክላውዱም ይጠፋል፤ ፋይሉን ቫይረስ ሲያበላሸው የተበላሸው ቅጂ በደህናው ላይ ይጻፋል። በጉግል ድራይቭ ወደ ቆሻሻ መጣያው የገባ ፋይል ከ30 ቀን በኋላ እስከ ወዲያኛው ይሰረዛል። መጠባበቂያ የሚባለው ግን ዋናው ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋው ነው።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደውን ቀላል መመሪያ በዚህ አነጋገር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ነው። ከእያንዳንዱ አስፈላጊ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጡ፤ አንዱ ከቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ውጪ ይሁን።

ለአንድ ቤተሰብ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንዱ ቅጂ በኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በክላውድ ሊሆን ይችላል። ክላውዱ ካጠራጠረ ከሌላ ኩባንያ ቦታ መግዛት፣ አልያም ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ሞልቶ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ ቅጂ ሲወሰድ ብቻ ከኮምፒውተሩ ጋር ቢገናኝ ቫይረስ የሚደርስበት ዕድል ይቀንሳል።

በእጅ ያለ ቅጂ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አገርም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ እአአ ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተዘጋበት ወቅት በክላውድ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ፣ ሳይጠፋም ቢሆን፣ ለባለቤቱ የማይደረስበት ነበር።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

መረጃው ደህና ሆኖ ባለቤቱ መግባት የሚሳነው ጊዜም አለ። የባሕረ ሰላጤውን አገራት ለቅቆ የወጣ ሠራተኛ አካውንቱ በዚያ አገር ስልክ ቁጥር የተመዘገበ ከሆነ፣ የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው በእጁ ወደሌለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ከጉዞ በፊት ቁጥሩን መቀየርና የመልሶ ማግኛ ኮዶችን በወረቀት መያዝ ይገባል። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችልም አስታውቋል።

የፓስፖርትና የባንክ ሰነዶች ወደ ክላውድም ሆነ ወደ ዘመድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት በይለፍ ቃል ቢመሰጠሩ ይመረጣል። ቃሉ ከተረሳ ግን ፋይሉን ባለቤቱም መክፈት ስለማይችል፣ ጽፎ ከዲስኩ ተለይቶ በሚገኝ ስፍራ ማኖር ያስፈልጋል።

ፈተናው መመለሱ ነው

እአአ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ዋናውን የመረጃ ቋት በስህተት ሰረዘ። ኩባንያው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች ቢኖሩትም አንዳቸውም እንደታሰቡት አለመሥራታቸው የታወቀው ያን ጊዜ ነበር። ያዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከሉ የገባው መረጃ ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ መጠባበቂያ ያለው ሰው በየጥቂት ወሩ ጥቂት ፋይሎችን ከየቅጂው አውጥቶ፣ ከተቻለ በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ከፍቶ ሊያያቸው ይገባል። የፋይሎቹ ብዛትና መጠን ከዋናው ጋር መመሳከር አለበት፤ ያረጀ ሃርድ ዲስክም ሳይበላሽ መተካት ይኖርበታል። በተግባር ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።