ኪንሻሳ ውስጥ ያለችው አሶሳ

የኮንጎ ዋና ከተማ ኪንሻሳ ውስጥ አሶሳ የሚባል ጎዳና አለ። ጋምቤላ የሚባልም አለ፣ ሳዮ የሚባልም። ሳዮ የዛሬዋ ደምቢዶሎ ናት። የኛ ከተሞች ስም እዚያ ድረስ ምን ወሰደው?

ጦርነት ነው የወሰደው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከምዕራብ ኢትዮጵያ ካስወጡት አንዱ «ፎርስ ፐብሊክ» የተባለው የቤልጂየም ኮንጎ ሠራዊት ነበር። ቤልጂየም ራሷ ያኔ በናዚ ጀርመን ተይዛለች። መኮንኖቹ ቤልጂየማውያን፣ ተራው ወታደር ግን ኮንጎዊ ነው። በሱዳን አድርገው በኩርሙክ በኩል ገቡና መጋቢት 2 ቀን አሶሳን ያዙ። በዚያው ወር ጋምቤላን ደገሙ። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ እነሱ ገና በዝናብ፣ በረሃብና በበሽታ መሀል እየተዋጉ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ ሳዮ ላይ እጁን የሰጠው ሰኔ 26 ቀን ነው።

«የላካቸው ቅኝ ገዢያቸው ነው፤ ለኛ ብለው አልመጡም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ጥይቱ የመታው ግን ላኪውን ሳይሆን ተላኪውን ነው። እኛን ነፃ ለማውጣት የተዋጉት ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ያው ገዢ ነበር። ኮንጎ ነፃ የወጣችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከ19 ዓመት በኋላ!

ሚያዝያ 27 ሲመጣ አርበኞቻችንን እናነሳለን፣ ይገባቸዋል። እንግሊዞችንም እንጠራለን። ኮንጎዎቹን ግን እንዘላቸዋለን። የምንጠይቀው ትንሽ ነው፤ አሶሳ ውስጥ አንድ መንገድ በኮንጎ ወታደሮች ስም ይጠራልን።