ታላሴሚያ እና የኦክሲዴሽን ጫና

ታላሴሚያ ከወላጆች የሚወረስ የደም በሽታ ነው፤ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን የሚሠሩት የአልፋ ወይም የቤታ የፕሮቲን ሰንሰለቶች በበቂ መጠን አይመረቱም። በቤታ ታላሴሚያ ጥንድ ያጡት የአልፋ ሰንሰለቶች በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይዘቅጣሉ፤ ከእነሱ የሚለቀቀው ብረትም የሕዋሱን ሽፋን የሚጎዱ ንቁ የኦክስጅን ውህዶችን ይፈጥራል። የኦክሲዴሽን ጫና የሚባለው ይህ ነው። ደም መውሰድ ሕይወት ያተርፋል፤ ነገር ግን አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይገባል፣ ከሰውነት በቀን የሚወጣው ግን 1 ወይም 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ትርፉ በልብ፣ በጉበትና በዕጢዎች ይከማቻል። በሕሙማኑ ደም ውስጥ ጫናውን የሚከላከለው ቫይታሚን ኢ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቫይታሚኑን መስጠት የላቦራቶሪ ውጤትን ቢያሻሽልም ብረት አስወጋጅ መድኃኒትን አይተካም። ቫይታሚን ሲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አብዝቶ መውሰድ ደግሞ ልብን ሊጎዳ ይችላል።

በወላይታ ዞን፣ የኦፋ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ገሱባም ሆነ በአካባቢዋ፣ የደም ማነስ ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡት ወባ፣ የአንጀት ትላትልና የብረት እጥረት ናቸው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ብረት ወስዶ ያልተሻለውና ቀይ የደም ሕዋሶቹ ትናንሽ የሆኑበት ሰው ታላሴሚያ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ብረቱ ከመቀጠሉ በፊት የፈሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) እና የሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎሬሲስ (የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለይ) ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።